ኩሬው ይታጠብ ወይስ ይደፈን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሊድስ የገዛነው ቤት ጓሮው ውስጥ ትንሽ ኩሬ አለች። የቀድሞዋ ባለቤት ለእንቁራሪቶች ብላ ያስቆፈረቻት ናት። ሰሞኑን ቅጠል እየረገፈባት ውኃው ጠቁሯል። ባለቤቴ «ውኃውን ደፍተን እንጠባት» ይላል። ከአርባ ምንጭ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ደግሞ «ጓሮሽ ውስጥ ወባ እያረባሽ ነው፣ ድፈኑት!» አለችኝ። የማንን ልስማ? (ሰ. ከሊድስ)

መልስ፦ የሁለቱንም አትስሚ። እናትሽ አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ያቆረ ውኃ ማፋሰስ ወባን መከላከያ ነው። እንግሊዝ አገር ግን ዛሬ የሚዛመት ወባ የለም። ደግሞ ጤነኛ ኩሬ ውስጥ ያሉ ነፍሳት የትንኝ እጭ ይበላሉ።

ባልሽን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ነኝ። ኩሬ የያዝኩ የመጀመሪያ ዓመት፣ በጥቅምት፣ ሮቶ የማጥብ ይመስል ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ ደፋሁ። ጭቃውን በእጄ ስዝቅ አንድ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ድንጋይ ያዝኩ። ድንጋዩ ዓይኑን ገለጠ! ከነጭቃው ለቀቅኩት። ለካ ብዙ ወንድ እንቁራሪቶች ብርዱን የሚያሳልፉት እዚያ ታች ነው፤ ኦክስጅን በቆዳቸው ከውኃው እየሳቡ።

የቅጠሉ ችግርም ይሄው ነው። ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርስባቸዋል። ስለዚህ እጅጌሽን ሰብስቢና የረገፈውን በእጅሽ አውጪ። ጭቃውን ተይው። ገና ለሚረግፈው መረብ ወጥሪ፤ ግን ውኃውን እንዳይነካ፣ እንዳይላላም። ጠዋት ጠዋት እዪው፤ ሄጅሆግ የሚሏት ትንሽ ጃርት ልትጠላለፍበት ትችላለች።

ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ሣር ከበዛ ሲሶውን ብቻ ንቀይ። የነቀልሽውን ወዲያው እንዳትጥዪው፤ አንድ ሁለት ቀን ኩሬው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ጠጋ ብለሽ ስታዪው ሣሩ ይንቀሳቀሳል። ቀንድ አውጣው፣ እጩ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ እየተንፏቀቀ ወደ ውኃው ይመለሳል። እኔ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ነው የማየው። ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑ ጀመረ» ትላለች።

ውኃው ከጎደለ የዝናብ ውኃ ጨምሪ፤ የቧንቧውን አትንኪ፣ ክሎሪን አለበት። በረዶ ከያዘም በመዶሻ አትምቺው፤ ትኩስ ውኃ የሞላ ድስት ላዩ ላይ አስቀምጪ፣ ራሱ ቀልጦ ይከፈታል።

እናትሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ከቆዩ ደግሞ ወደ ኩሬው ውሰጂያቸው። የእንቁራሪት እንቁላል ያኔ ነው የሚወጣው። ውኃ ውስጥ ያደረ ተልባ ቁርጥ።