ከሐዋሳ ሆኖ በቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ሥራ ስለ መሰማራት

ውድ እህታችን፣ ከመምህርነት ተነሥተው ወደ ትምህርት ፖሊሲና ለቀዳማይ ልጅነት በጀት ወደ መወትወት ሥራ መሻገር እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ለዚህ ሁለተኛ ዲግሪና አዲስ አበባ መግባት ግድ ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ በሥራው ላይ ዓመታት ስላስቆጠርሁ ያየሁትን ላካፍልዎ።

ሁለተኛ ዲግሪ በቅጥር ጊዜ ይጠቅማል። በሥራው ላይ ግን ሰውን የሚያስከብረው የወረዳን በጀት አንብቦ መረዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ ኦ ክፍል (ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት የመዘጋጃ ክፍል) በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተስፋፍቷል፤ የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ ሲወርድ ይህን ያህሉ ለሕፃናት ተብሎ ተለይቶ አይመጣም፤ ወረዳው ራሱ ይደለድለዋል፤ የሚበዛውም ለደመወዝ ይውላል።

ከከተማው ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁት ኦ ክፍል አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ሕፃናቱ የተቀመጡት ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በተሠራ ዴስክ ላይ ስለነበር እግራቸው መሬት አይነካም፤ የምታስተምራቸው ወጣት የምትከፈለው ከወላጆች መዋጮ ስለሆነ፣ መዋጮው በዘገየ ወር ክፍያዋም ይዘገያል። በወረዳው የበጀት ሰነድ ላይ ክፍያዋን ብፈልግ ግን አንድም የሒሳብ መደብ አላገኘሁለትም። ለወረዳው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ያቀረብነው ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈን ነበር፤ አባላቱም ስለ አንጎል ዕድገት ካዘጋጀነው ረጅም ገለጻ ይልቅ በዚህች ገጽ ላይ ቆይተው የፋይናንስ ኃላፊውን ጠየቁ።

የውጭውን ጥናት አይወቁ ማለቴ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ ሄክማን፣ በአሜሪካዋ ሚሺጋን ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 123 ሕፃናትን ይዞ የተካሄደውን የፔሪ ቅድመ ትምህርት ቤት ጥናት መርምረው፣ ኢንቨስትመንቱ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ ትርፍ እንደሚያስገኝ አስልተዋል። ነገር ግን ያ ፕሮግራም በሚገባ የሠለጠኑ መምህራን፣ አነስተኛ ቡድንና በየሳምንቱ የቤት ለቤት ጉብኝት ነበረው። ይህን ሳይናገሩ ቁጥሩን ለተጨናነቀ ኦ ክፍል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ባለሥልጣኑንም ሕፃናቱንም መበደል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የቀዳማይ ልጅነት ጉባኤ ላይ አገሮች የተስማሙበት የታሽከንት መግለጫ ከትምህርት በጀት ቢያንስ 10 በመቶው ለቅድመ አንደኛ ደረጃ እንዲውል ያስቀመጠው ግብ ለክልል ቢሮ ውይይት የተሻለ መነሻ ይሆናል።

ልምድ ያለው ሰው በዘርፉ ጥቂት መሆኑ አያስገርምዎ። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ መማሪያ ክፍል ግንባታና ቁሳቁስ አቅርቦት አዘነበሉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን ካነሣ ወዲህ ግን በሩ ክፍት ነው።

አዲስ አበባ መሄድም ግድ አይደለም። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የትምህርት ቢሮው፣ የፋይናንስ ቢሮውና ምክር ቤቱ የሚገኙት እዚሁ ሐዋሳ ነው። ሲዳምኛ የሚናገሩ ከሆነ ደግሞ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ስለሚችሉ፣ ከመሃል አገር የሚላክ አማካሪ የማያገኘውን ያገኛሉ።

ከሁሉ በላይ ጊዜውን ይወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ በአመዛኙ የረፈደበት ነው፤ ወረዳው ዕቅዱን ማዘጋጀት ከመጀመሩ በፊት፣ ቢቻል በጥር፣ መረጃዎ ተሟልቶ መቅረብ አለበት። እስከዚያው ድረስ የክላስተር ሱፐርቫይዘርዎን አስፈቅደው በጉድኝት ማዕከሉ (በአንድ ክላስተር በተሰባሰቡ አጎራባች ትምህርት ቤቶች) የኦ ክፍል መምህራን ከየት እንደሚከፈሉ ይመዝግቡ። ጽፈው ሲጨርሱ እዚህ ቢለጥፉት አንብቤ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።