ልጄ ወታደር ናት፤ ማዕረጓን ላልብሳት ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በዲቪ መጥቼ ሁለት ልጆች ለብቻዬ አሳደግሁ። ትልቋ ልጄ የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍኑልኛል ብላ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባች። መጀመሪያ አልቅሼ ነበር፤ በኋላ ግን ኮራሁባት። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰው ሁሉ እያቀፈ ይስማታል።

ባለፈው ፋሲካ ለዕረፍት መጥታ ወጥ ቤት አብረን ሽንኩርት እየከተፍን "እማዬ፣ እኔ የምወደው ሴት ነው" አለችኝ። "ሩምሜቴ ናት" ስትለኝ የኖረችው ልጅ ለካ ፍቅረኛዋ ናት። ከአፌ የወጣው "ይህን ሌላ ማን ያውቃል?" የሚል ነበር። "ኮማንደሬ ያውቃል፤ ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ ያላወቅሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ስታፍ ሳጅን ልትሆን ነው። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ማዕረጉን ቤተሰብ ያደርግላታል አሉ። ደረቷ ላይ ያለውን እኔ እንድለጥፍላት፣ ኮፍያዋን ደግሞ ልጅቷ እንድታጠልቅላት ትፈልጋለች። እኔ "እመጣለሁ፤ ግን ሰው ፊት ጓደኛዬ ናት በይ፤ ፎቶም ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ" አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ድሮ ወታደር የነበረ አንድ ጎረቤቴ "እንዲህ ያለ ነገር ከታወቀ ያባርሯታል፤ ልፋቷ ሁሉ ገደል ይገባል" ብሎኛል። በዜናም ወታደሮች እየተባረሩ ነው ሲባል ሰማሁ። ደግሞ እምነቴስ? ከጎኗ ብቆም ኃጢአት እንደ ባረክሁ አይቆጠርብኝም? መስከረም ላይ ደግሞ አያቷን ለመጠየቅ አብረን አዲስ አበባ ልንሄድ ነበር። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት

*

ውድ እናት፣

ከጎረቤትዎ ልጀምር። ሰውዬው አልዋሸም፤ የሚያወራው ግን እሱ ስለነበረበት ጦር ነው።

ቢል ክሊንተን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በጦሩ እንዳያገለግሉ የሚከለክለውን ደንብ አነሳለሁ ብሎ ነበር። ጄኔራሎቹና ኮንግረሱ አሻፈረን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 መሀል ቤት የተገኘው መላ "አትጠይቅ፣ አትናገር" የሚባለው ሕግ ነው። አለቃ አይጠይቅም፤ ወታደሩም ትንፍሽ አይልም። ወሬው ከወጣ ግን ስንብት ነው። በዚህ ሕግ ከ13,000 በላይ ወታደሮች ተባረዋል። ሃያ ዓመት ሳያገለግል የወጣ ወታደር የጡረታ አበሉንም ስለሚያጣ፣ ጎረቤትዎ "ልፋቷ ገደል ይገባል" ማለቱ ለዚያ ዘመን ልክ ነው። ከተባረሩት መካከል በአስሮች የሚቆጠሩ አረብኛ ተርጓሚዎች ነበሩ። ያውም ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ፣ አረብኛ የሚያውቅ ሰው በመብራት በሚፈለግበት ጊዜ! እኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ዝም ያለውም ቢሆን አልተረፈም። በ1999 ኬንታኪ፣ ፎርት ካምቤል ውስጥ ባሪ ዊንቸል የሚባል የ21 ዓመት ወታደር በተኛበት በቤዝቦል ዱላ ተመትቶ ሞተ። ገዳዩ እዚያው አብሮት የሚያገለግል ወታደር ነው። ከዚያ በፊት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው እያሉ ለወራት ሲሰድቡትና ሲያበሽቁት ነበር። እስቲ ያስቡት፤ እንዲህ ያለ ልጅ "በዚህ ምክንያት ይሰድቡኛል" ብሎ ለአለቃው አቤት ማለቱ ራሱን ለጥያቄ ማጋለጥ ነበር።

በ2010 የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ አድሚራል ማይክ መለን ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ ወጣቶች አገራቸውን ለመከላከል ብለው ስለ ማንነታቸው እንዲዋሹ የሚያስገድድ መመሪያ እረፍት እንደሚነሳው ተናገረ። ፔንታጎን ወታደሮቹን ራሳቸውን ጠየቀ። 115,000 ያህል መለሱ፤ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕጉ ቢነሳ ወይ ጥሩ ነው፣ ወይ ጥሩም መጥፎም ይኖረዋል፣ ወይ ምንም አያመጣም አሉ። ኦባማ የማንሻውን ሕግ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ፈረመ። ከመስከረም 20 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የድሮው ሕግ የለም። በ2013 ለትዳር አጋሮቻቸው ጥቅማ ጥቅም ተፈቀደ። በ2016 ደግሞ ኤሪክ ፋኒንግ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑ በይፋ የሚታወቅ ሰው፣ የምድር ጦሩ ሲቪል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ስለዚህ ኮማንደሯ ማወቁ አያስፈራዎት። በዜና የሰሙት በ2025 ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመዘገቡበት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ) ወታደሮች ላይ የወጣውን እገዳ ይመስለኛል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የልጅዎን አይነካም።

አሁን ወደ ቤትዎ እንምጣ። "እመጣለሁ፤ ግን ጓደኛዬ ናት በይ" ሲሏት ጦሩ 17 ዓመት ሞክሮ የጣለውን ነገር እርስዎ ሳሎን ውስጥ እያስገቡት ነው። በካምፑ ቀና ብላ የምትሄድ ልጅ እናቷ ስትመጣ አንገቷን ልትደፋ ነው ማለት ነው። ስልኩን ለምን እንደዘጋችው ይገባኛል። መዝጋቷ ግን ነውር ነው፤ እናት ላይ ስልክ አይዘጋም። ይህንንም ይንገሯት።

ለአለቃዋ ቀድማ መናገሯ ያንገበገበዎት እንደ መናቅ ቆጥረውት ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አለቃዋ ቢከፋው አለቃ ይቀየራል። እናት ግን አትቀየርም፤ ለዚህ ነው እርስዎን ለመጨረሻ ያቆየችው።

ስለ እምነትዎ እኔ ቄስ አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያንዎ የምታስተምረውን ያውቁታል፤ ላስለውጥዎት አልሞክርም፤ የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ። ግን አንድ ነገር ይለዩ። የተጠሩት ለሠርግ አይደለም። ልጅዎ በላቧ ያገኘችውን ማዕረግ ደረቷ ላይ ሊለጥፉ ነው። ያንን ማድረግ የፍቅር ሕይወቷን መባረክ የሚሆንበት መንገድ አይታየኝም። ልጅቷም ኮፍያ ብታጠልቅላት ከእርስዎ ድርሻ የሚቀነስ የለም። ሰላም ይበሏት፤ ከየት እንደመጣች ይጠይቋት። ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

የአዲስ አበባው ጉዳይ ላይ ግን ስጋትዎ ልክ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። የአሜሪካ ጦር አባል መሆኗ አያቷን ልትጠይቅ በግሏ ስትሄድ ከለላ አይሆናትም። ከሕጉም በላይ የሰፈሩ ሰው አለ፤ ስክሪንሾት ደግሞ እግር አለው። ስለዚህ የፎቶው ጥያቄዎ መሠረት አለው፤ ያቀረቡበት መንገድ ነው የተበላሸው። "አሳፈርሽኝ" በሚመስል ድምፅ ሳይሆን "መስከረም ላይ አገር ቤት እንሄዳለን፤ እስክንመለስ ይቆይ" ብለው ይንገሯት። ወታደር ናትና ስለ ጥንቃቄ ከእርስዎ በላይ ታውቃለች። ለውጭ ጉዞ ከክፍሏ ፈቃድ ማግኘትም ስላለባት ያኔውኑ ትነጋገሩበታላችሁ። ለመሄድ ወይም ላለመሄድ የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ካምፑ ውስጥ ለመግባት የጎብኚ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ስምዎን እሷ አስቀድማ ማስመዝገብ ሊኖርባት ይችላል። ስለዚህ የሥነ ሥርዓቱን ቀን ሳይጠብቁ ዛሬ ማታ ይደውሉላት።