በመመለሻው ቀን ሻንጣ ይቅደም

ሦስት ቀን ከተማ አይታችሁ በአራተኛው ቀን የምትመለሱ ከሆነ፣ ያቺን አራተኛ ቀን እንደ ሙሉ ቀን አትቁጠሯት። በረራው ማታ ነው ብላችሁ ለቀኑ ሙሉ ፕሮግራም አትያዙ። እኔ ስንት ጊዜ ተቃጥዬበታለሁ። ውጭ አገር መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ቅዳሜና እሁድን አስታክኬ እዚህም እዚያም ዞሬያለሁ፣ እና ያመለጡኝን ባቡርና አውሮፕላን ስቆጥር እንቅልፍ ጥሎኝ ወይም መንገድ ጠፍቶኝ ያመለጠኝ የለም ማለት ይቻላል። እኔ አንድ ቦታ፣ ሻንጣዬ ሌላ ቦታ ሆነን ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። በረራው 18:40 ነበር። (ሰዓቱን የምጽፈው ትኬት ላይ እንደሚታተመው ነው እንጂ በእኛ አቆጣጠር አይደለም። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።) ሆቴሉን 11:00 ላይ ለቀቅኩ፣ ሻንጣዬን ሪሴፕሽን ሰጠሁና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ሙዚየም ሄድኩ። ኤርፖርቱ ደግሞ ሙዚየሙ ባለበት በኩል ነው። ካርታ ላይ አይቼዋለሁ እኮ! ግን ልብ አላልኩትም። ሻንጣ ልወስድ ወደ ሆቴሉ ስመለስ ሪሴፕሽን ላይ ያለው አንድ ልጅ ብቻ፣ ፊቱ ደግሞ አዲስ የገቡ እንግዶች ተሰልፈዋል፤ 15:00 ከሆነ ቼክ ኢን ጀመረ ማለት ነዋ። የሻንጣ ክፍሉ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ያንኑ ከተማ እንደገና ሰነጠቅኩት፣ ጠዋት የነበርኩበትን ሙዚየም በባቡር መስኮት እያየሁ አለፍኩት፣ ኤርፖርት ስደርስ 17:50። አውሮፕላኑ ሊነሳ ገና 50 ደቂቃ አለው። የሻንጣ መቀበያው ግን 17:40 ላይ ተዘግቷል። ልጅቷ በጣም ትሁት ነበረች። ትህትናዋ ግን ሻንጣዬን አላስገባልኝም።

ስለዚህ ሻንጣችሁን ባደራችሁበት ሳይሆን በምትወጡበት በኩል አስቀምጡት። ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ከዋናው ጣቢያ ከሆነ፣ ጠዋት ከሆቴል እንደወጣችሁ ሻንጣውን ይዛችሁ በቀጥታ ጣቢያ ሂዱ፣ እዚያ ሎከር (በክፍያ የሚቆለፍ የሻንጣ ሳጥን) ውስጥ ቆልፉትና ከተማውን ባዶ እጃችሁን ዙሩ። ሆቴል በነጻ ያስቀምጥልናል ለሎከር ለምን እንከፍላለን የሚል አለ። ልክ ነው፣ አብዛኛው ሆቴል ከቼክ አውት በኋላም በነጻ ያስቀምጣል። ሆቴሉ በመንገዳችሁ ላይ ከሆነ እዚያው ተዉት። ካልሆነ ግን ሻንጣ ለማምጣት ብቻ ከተማውን ሁለቴ ታቋርጣላችሁ፣ ያ ደግሞ ከሎከሩ ይበልጥ ያስወጣችኋል።

ሎከር ላይ የተማርኩትን ልጨምር። ትልልቆቹ ቶሎ ይያዛሉ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ረፋዱ ላይ ስትደርሱ ትንንሾቹ ብቻ ክፍት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ እዚያ ደግሞ ትልቅ ሻንጣ በግድም አይገባም። ሎከር የሌላቸው፣ በምትኩ ሰው ተቀብሎ የሚያስቀምጥባቸው ጣቢያዎች አሉ፤ እነዚያ እንደ ኤርፖርት ሻንጣውን በማሽን ይፈትሹታል፣ ስለዚህ ሰልፍ አለ። የመዝጊያ ሰዓትም አላቸው፣ ከማስረከባችሁ በፊት አንብቡት። የሎከሩ ማሽን የሚሰጣችሁን ወረቀት ወዲያው ፎቶ አንሱት። የሎከሩንም ቁጥር፣ የቆማችሁበትንም መውጫ ፎቶ አንሱ። ትልቅ ጣቢያ ሁለትና ሦስት ፎቅ አለው፣ ሎከሮቹም አንድ ቦታ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። ለሰዓታት ዞራችሁ ደክሟችሁ ስትመለሱ ሁሉም ግድግዳ አንድ ነው የሚመስለው።

ያደራችሁት በኤርቢኤንቢ የሰው ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሪሴፕሽን የለም፣ 10:00 ወይም 11:00 ላይ ውጡ ትባላላችሁ፣ ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል። አንዳንድ አከራይ "እስከ 13:00 ተዉት" ይላል፣ ግን ይሄን በዋዜማው በመልእክት ጠይቁና በጽሑፍ ያዙት። ሌላው አማራጭ በስልክ መተግበሪያ የሚያዙ፣ ሱቅና ሆቴል ውስጥ ሻንጣ የሚቀበሉ ቦታዎች ናቸው። መጥፎ አይደሉም፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ሱቅ ግን ሱቅ ነው፣ በር ይዘጋል። እሁድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይከፍት ይችላል። ሙዚየም እናስቀምጠዋለን ብላችሁም አትተማመኑ። ብዙዎቹ ኮትና የጀርባ ቦርሳ ይቀበላሉ እንጂ ጎማ ያለው ሻንጣ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል።

ጃፓን የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ታክዩቢን የሚባል አገልግሎት አለ፤ ሻንጣችሁን ከሆቴል ተቀብለው ኤርፖርት ያደርሱላችኋል። ብዙውን ጊዜ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ማስረከብ አለባችሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሁሉም ጋ ቢኖር እኔም ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰው የሚሳሳተው ከጠዋት ወደ ፊት ስለሚቆጥር ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስትቆጥሩም አውሮፕላኑ ከሚነሳበት ሳይሆን የሻንጣ መቀበያው ከሚዘጋበት ጀምሩ። የሻንጣ መቀበያ እንደ አየር መንገዱ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል፣ ጌቱ (የመሳፈሪያው በር) ደግሞ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ። ያንኑ የ18:40ን በረራ እንውሰድ። መቀበያው 17:40 ይዘጋል፣ ስለዚህ 16:40 ኤርፖርት መገኘት ትፈልጋላችሁ። ባቡሩ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለመጠበቅና ሊፍት ለመፈለግ 20 ደቂቃ ጨምሩ፣ 15:40 ሆነ። ሎከሩን አግኝቶ ለመክፈት፣ ጃኬት ለመቀየር፣ ሽንት ቤት ለመግባት 25 ደቂቃ። 15:15 ጣቢያው ውስጥ መሆን አለባችሁ ማለት ነው። ጠዋት 11:00 ወጥታችሁ ሻንጣ አስቀምጣችሁ እስክትጨርሱ 11:45 ይሆናል። የቀራችሁ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ምሳ ስትቀንሱለት አንድ ነገር ታያላችሁ። አንድ! ሁለተኛውን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ይሄ ደግሞ የኤርፖርት ባቡር ላለው ከተማ ነው። ርካሽ ትኬት ስትገዙ ኤርፖርቱ የት እንዳለ እዩ። ፓሪስ ቦቬ የሚባለው ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ፍራንክፈርት ሃን ደግሞ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስማቸው ላይ ከተማ አለ፣ አጠገባቸው ግን የለም። በባቡር የምትመለሱም ባቡር እንደ ታክሲ ዘሎ የሚገባበት አይምሰላችሁ። የስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ከለንደን ወደ ፓሪስ ስትሄዱ ፓስፖርት የሚታየው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው፣ የፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ቴዤቬ ደግሞ በሩን ከመነሻው 2 ደቂቃ በፊት ይዘጋል።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ኦንላይን ቼክ ኢን አድርጌያለሁ፣ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የያዝኩት፣ በቀጥታ ፍተሻ እገባለሁ ብላችሁ ሰዓት አታጥብቡ። አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የሌለው ተሳፋሪ ሰነዱን ለሠራተኛ እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ፣ ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው ይሄ ይገጥመዋል። እኔ ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ ጌት ደርሼ "ሰነድህ ታይቷል?" ሲሉኝ አፌን ከፈትኩ። ወደ ኋላ መልሰውኝ ሮጬ ደረስኩ፣ ላቤ እስከ ቤቴ አልደረቀም። የጉዞ ሰነዱን የሚያየው ሠራተኛ ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ነው፣ ያገላብጠዋል፣ ስልክ ይደውላል። ግማሽ ሰዓት ለዚህ ብቻ ያዙ።

ከሼንገን አገሮች (እርስ በርሳቸው የድንበር ፍተሻ ካነሱት የአውሮፓ አገሮች) ውጭ የምትኖሩ ደግሞ፣ የአሜሪካም የእንግሊዝም ፓስፖርት ቢኖራችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ አዲሱ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ አለ። የጣት አሻራና የፊት ፎቶ ይወስዳሉ፣ ስትወጡም ትመዘገባላችሁ። የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ አይመለከታችሁም። የገዛችሁትን ዕቃ ታክስ የምታስመልሱም ብትኖሩ፣ የጉምሩኩን ማህተም ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ጨርሱ፣ ዕቃውን አሳዩ ሊሏችሁ ይችላሉ።

ሻንጣ የሚታሰረው በዋዜማው ማታ ነው። ጠዋት አይደለም። አብዛኛው አየር መንገድ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቅዳል፣ ሆቴሉ ሚዛን ካለው ማታውኑ መዝኑት። ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ የውስጥ ልብስ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወርን የመሰለ ነገር የለም፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ ያያችኋል። ፓወር ባንክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጃችሁ ያዙት፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፣ 20 ሺህ ሚሊአምፒር የሚለው 74 አካባቢ ነው። የእጅ ሻንጣችሁን ጌት ላይ "ቦታ ሞልቷል፣ ከታች ይጫን" ብለው ከወሰዱባችሁም መጀመሪያ ፓወር ባንኩን አውጡ፣ መድኃኒትና ሰነዱንም። ሎከር ውስጥ ስታስቀምጡም ያው ነው፣ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና መድኃኒት ከእናንተ አይለዩ።

ካዝና ከተጠቀማችሁ አንድ እግር ጫማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ቆልፉበት። ያለ ጫማ ከክፍሉ የሚወጣ የለም። ሳቁ፣ ግን ይሠራል። ቻርጀር ግን ጫማ የለውም፣ አልጋ ሥር ያለውን ሶኬት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የስልካችሁን ባትሪ በዚያ ቀን ለቪዲዮ አትጨርሱት፤ ትኬቱ፣ ቦርዲንግ ፓሱ፣ ካርታው፣ የሎከሩ ኮድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ከተማው ውስጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ ኖሮ "እኔ በመኪና አደርስሃለሁ" ሲል እምቢ ለማለት ያስቸግራል። እሺ በሉ፣ ግን ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩት። "እየመጣሁ ነው" ማለት ገላውን እየታጠበ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ ባቡሩ ይሻላል፣ እሱንም ጣቢያ መጥተህ ሸኘኝ በሉት።

ሰዓቱን እንደ ትኬቱ የምጽፍበትን ምክንያት ደግሞ ይኸው። ከአጎቴ ልጅ ጋር አንድ ከተማ ሄድን፣ ሁለታችንም ሻንጣችንን አንድ ሎከር ውስጥ ከተትን፣ የኮዱን ወረቀት እሱ ያዘ። ትኬቱም እሱ ስልክ ላይ ነው። እሱ ጫማ ሊገዛ ፈለገ፣ እኔ ወንዝ ዳር ልራመድ፣ ተለያየን። "ባቡሩ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ቀደም ብለህ ሎከሩ ጋ ና" አለኝ። ከእሱ ጋር በአማርኛ ነው የማወራው፤ አንድ ሰዓት ካለኝ የምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፣ 19:00። ተዝናንቼ ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩ። 12:50 ሲሆን ስልኬ ጮኸ። "የት ነህ?" አለኝ። ወንዝ ማዶ ነኝ አልኩት። ለካ ከስልኩ ላይ አንብቦ የነገረኝ 13:00ን ነው። ሻንጣዎቹን አውጥቶ መድረኩ ላይ ቆሞ ባቡሩ ሲሄድ አየው። አዲስ ትኬት ሁለት ገዛን፣ ግማሽ ግማሽ ከፈልን።

አሁን በቴክስት በአራት አሃዝ ነው የምንጻጻፈው። እሱ ግን እስከ ዛሬ "ሰባት ሰዓት እንደሆነ ማንም ይገባዋል" ይላል።