«እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ምክር ፈልጋ ቤት መጣች። ተመርቃ ዓመት ሳይሞላት ሁለት ቦታ ሥራ አግኝታለች። አንደኛው ድርጅት 20,000 ብር ደመወዝ ይከፍላል፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። የሁለተኛው ደመወዝ 9,000 ብቻ ሆኖ፣ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክ እያለ 13,000 ብር በአበል ይጨምርላታል። «እዚህኛው ጋ ግብርም ጡረታም ብዙ አይቆረጥም ብለውኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?» አለችኝ።

ቡናው እስኪቀርብ ድረስ መልስ አልሰጠኋትም። ይህችኑ ጥያቄ ከ14 ዓመት በፊት አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ ያኔ ግን ሳላስብ ነበር የመለስኩት።

ዕድሜዬን በሙሉ በግል ድርጅት ደመወዝ ክፍል ነው የሠራሁት። የግል ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ፕሮቪደንት ፈንድ (በየወሩ ተጠራቅሞ ሠራተኛው ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ገንዘብ) ነበረን፣ እሱም ያለው ድርጅት ሲገኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ወጣና የግል ሠራተኛውም ጡረታ ውስጥ ገባ። ቀድሞ ፕሮቪደንት የነበረው ሠራተኛ ግን በዚያው መቀጠል ወይም ወደ ጡረታ መግባት ይችላል ተባለ። እኛ ጋ ምርጫው በፎርም ይሞላ ነበር፤ ፎርሙን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ።

የመጋዘን ኃላፊያችን ያኔ 49 ዓመታቸው ነበር። አንድ ብሎን ሲጎድል ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። ክረምት ነበር፤ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው ገቡና ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። «ወንድሜ፣ እኔ ይህን ሕግ አላውቀውም። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

«ፕሮቪደንት» አልኳቸው። «ሲወጡ ብርዎን በአንድ ጊዜ ይዘው ይሄዳሉ። ጡረታውን ማን ኖሮ ይበላዋል?» አዋጁን አላነበብኩትም ነበር። ሁሉም ሰው የሚለውን ነው የደገምኩላቸው። ኪሳቸው ውስጥ በላስቲክ የታሰረች ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረቻቸው፤ በእሷ ቀስ ብለው ፈረሙ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አዋጁ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ እጄ ገባ። የምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ በየወሩ ያገኛል፤ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ዝቅ ሲል ደግሞ የተተኪዎች ጡረታ አለ። ባለጡረታው ሲሞት የትዳር ጓደኛው ግማሹን እያገኘች ትኖራለች።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ደብረ ብርሃን የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ በየወሩ የምትቀበላት ጡረታ ነበረች። ጡረታ በወጣች ቀን ስኳር ይገዛል፣ ላምባ ይገዛል፣ የእኔ ደብተር ይገዛል። በዚያች ገንዘብ ተምሬ ነው የደመወዝ ክፍሉ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። የተተኪ ጡረታ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ግን ሰውየው ሲጠይቁኝ ትዝ አላለኝም።

በዚያው ቀን የራሴን ፎርም ቀይሬ ጡረታ አልኩ። የሳቸው ፎርም እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነበር፤ የሁላችንም ምርጫ ዝርዝር ገና ለጡረታ መሥሪያ ቤት አልተላከም። መጋዘኑ ከቢሮዬ አርባ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም። «ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት» ማለት አሳፈረኝ። ነገ እላለሁ አልኩ። ዝርዝሩ ተላከ።

በ2014 ዓ.ም. 60 ሞላቸውና ገንዘባቸውን ተቀብለው ወጡ። ከፊሉ ለልጃቸው ሠርግ ዋለ፤ በቀረው አሮጌ ባጃጅ ገዙ፤ ባጃጁ ዓመት ሳይሠራ ተበላሽቶ በርካሽ ተሸጠ። በ2015 ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው ቢሮዬ መጡ። የባላቸውን መታወቂያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል፤ ቋጠሮውን ፈትተው አስቀመጡልኝ። «የእሱ ጡረታ የት ነው የሚወጣው?» አሉኝ። ፋይሉን አወጣሁ። ሰማያዊዋ ፊርማ እንዳለች ናት። የሌለ መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ ምንም የለም?» አሉ አንዴ ብቻ። ከዚያ መታወቂያውን መልሰው ቋጠሩ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

አሁን እኔ ራሴ ጡረተኛ ነኝ። በ2016 ሰኔ ላይ ወጣሁ። አማካይ ደመወዜ 16,000 ነበር፤ የ13 ዓመት አገልግሎት 33.75 በመቶ ስለሚሰጥ ድርሻዬ 5,400 ብር ሆነ። ከ2003 በፊት የሠራሁት ሁሉ አልተቆጠረልኝም። በወሩ ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 5,400 ብር ለሁለት ሰው አስቤዛና መድኃኒት አይበቃም። ስለዚህ ጡረታ ያኖራችኋል አልላችሁም፤ አያኖርም። ሰርቪስ ቤቷን አከራይቻለሁ፣ የሁለት ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ባለቤቴ ዳቦ ትጋግራለች። ያም ሆኖ በየወሩ ሳልለምን፣ ብታመም ባልታመም የምትመጣው ጡረታዋ ብቻ ናት፤ መንግሥት ማስተካከያ ሲያደርግ ትጨምራለች፤ እኔ ስሞትም ግማሿ ለባለቤቴ ትቀራለች።

የዛሬ ልጆች ቆጥቡ ሲባሉ ይሰለቻሉ፤ ስለዚህ እሱን አልደግምም። ስለ ዕቁብና ስለ አክሲዮንም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የሚያሳዝነኝ በስልክ ላይ በሳምንት እጥፍ ይሆናል የተባለን ነገር አምናችሁ ገንዘብ እየላካችሁ፣ ከደመወዛችሁ የምትቆረጠውን 7 በመቶ ግን እንደ ሌባ ማየታችሁ ነው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። በ20,000 ብር ደመወዝ የእናንተ 1,400፣ የእሱ 2,200 ነው። በ9,000 ከሆነ 630 እና 990። ልዩነቱ የማን ኪስ ውስጥ እንደቀረ አስቡት።

እርግጥ ልጅቷ ጡረታ ብዙ አይቆረጥም ያለችው እውነት አለው። የጡረታው ሒሳብም የሚሠራው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ ስለሆነ «አሁን አበሉን ልብላ፣ ወደ ኋላ ደመወዜን አስተካክላለሁ» ማለት ይቻላል። 22 ዓመት ለሞላው ሰው፣ ኪራይ አንገቱን ለያዘው ሰው፣ እኔም ያን ምክር ላለመስጠት ይቸግረኛል። ግን በሠላሳ ዓመት የደመወዝ ክፍል ሥራዬ አበልን ወደ ደመወዝ የቀየረ አሠሪ አላየሁም። የትርፍ ሰዓቱም፣ የዓመት ፈቃዱም፣ አደጋ ቢደርስ ጉዳቱም የሚታሰበው በዚያችው በትንሿ ደመወዝ ነው። እኛ የላክነው ዝርዝር ላይ የሚታየው እሷ ናት፤ አበላችሁን የጡረታ መዝገብ አያውቀውም።

የመጋዘን ኃላፊያችን ባለቤት በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ይሸጣሉ። ከሳቸው ነው የምንገዛው። ፎርሙ ገና ፋይል ውስጥ እያለ አውቄ ዝም ማለቴን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ከፋሲካ በፊት ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ለልጅቷም ያን ዕለት የቱን ምረጪ አላልኳትም። ሁለቱንም ውል ይዘሽ ቅዳሜ ነይ፣ አዋጁን አጠገባችን አድርገን መስመር በመስመር እናነባለን አልኳት። እስከዚያ ድረስ የትኛውም ላይ እንዳትፈርሚ አልኳት።