ሐረር ላይ ዲስኬ ለምን ቶሎ ወደ ግራ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ለሥራ በጅቡቲ፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል እመላለሳለሁ። የዲስክ ጎልፍ (ዲስክ ወርውሮ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ) ዲስኮቼ ከቦርሳዬ አይለዩም። ጅቡቲ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ዲስክ ሐረር ላይ ሳይርቅ ወደ ግራ ይወድቅብኛል። ጥፋቱ የክንዴ ነው ወይስ የዲስኩ?
ቀኝ እጅ ወርዋሪ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ክንድዎ ደህና ነው፤ ምክንያቱ አየሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጅቡቲ ግን ባሕር ዳር ስለሆነች፣ የሐረር አየር ከጅቡቲው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ዲስኩን ደግፎ የሚያቆይበትም ሆነ መጀመሪያ ላይ ወደ ቀኝ የሚያዞርበት ጉልበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ የግራው ውድቀት ቀድሞ ይመጣል። ዲስኩ ላይ ከታተሙት አራት ቁጥሮች ሦስተኛውን፣ መጀመሪያ ላይ ወደ ቀኝ የመዞር ዝንባሌውን የሚያሳየውን፣ ይዩ። 0 ወይም -1 የሆነውን ትተው -2 ወይም -3 የሆነውን ይያዙ። ክብደቱም ከ175 ግራም ይልቅ 160ዎቹ ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

አደራ፣ ዲስኮቹን ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ። ይለሰልሱና ጠርዛቸው ይጣመማል። ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሲደፉት በአንድ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ዲስክ ተጣሟል ማለት ነው።

ቅርጫት በሌለበት የዛፍ ግንድ ላይ ደረት ከፍታ ድረስ ጨርቅ አስረው ከ10 ሜትር ይለማመዱ። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፊና ምቹ ቢመስልም በክረምት አይግቡበት፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ከተማው ደረቅ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ሰው እንደወሰደ ድሬዎች አይረሱትም።