ሰኞ ሥራ ልታቆሙ ላሰባችሁት

እህቴ፣ «ሆቴላችን ከሠራተኛ ማኅበራችን ጋር የሚፈርመውን የኅብረት ስምምነት ድርድር እያጓተተብን ነው፣ ሰኞ ሥራ ብናቆም ምን ይመጣብናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በእግዚአብሔር፣ ሰኞን ተዉት። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ላውንድሪ ነው የምሠራው። ያሰባችሁትን እኛ አድርገን አይተነዋል።

1. ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ከማቆማችሁ 10 ቀን ቀድማችሁ፣ ምክንያቱን ጠቅሳችሁ ለአሠሪው አሳውቁ ይላል። ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም እንደዚሁ። እኛ በአፍ ነገርናቸውና የሚበቃ መሰለን። የጥምቀት ሰሞን ነበር፣ አንድም ባዶ ክፍል የለም። «ዛሬ ካልሰሙን መቼም አይሰሙን» ብለን ጠዋት ሥራ አቆምን። ከሰዓት «ሕገወጥ አድማ» የሚል ደብዳቤ በየእጃችን ሰጡን። አምስት ልጆች ተባረሩ። አንዷ እርጉዝ ነበረች፣ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ቃለ ጉባኤ ያዙ። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ፣ ሥራ ማቆሙ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት። እኛ ከኩሽና ጀርባ ቆመን እጅ አወጣን፣ በቃ። ለተባረሩት ልጆች አቤት ልንል ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስንሄድ ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም። «የተሰብሳቢ ፊርማ የታለ?» ብሎ ወረቀቱን ገፋልን። አራት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንዴ መዝገብ ቤት ዝግ ነው። የባጃጁ ከኪሳችን፣ ፈቃዱም ከዓመት እረፍታችን። ሰው እንዲህ አይመናጨቅም። ግን ፊርማው እውነትም አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ሁሉንም በወረቀት አደረግነው። የድርድር ጥያቄውን ከረቂቁ ጋር ጽፈን ገቢ አስደረግን። እንዲህ ሲሆን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። የኛው ሥራ አስኪያጅ በዘጠነኛው ቀን ራሱ ጠራን! ሦስት ሳምንት ተከራከርን፣ ፈረመ። ዛሬ የማታ ፈረቃ ሲወጣ መኪና ቤታችን ድረስ ያደርሰናል። ያቺን አንቀጽ በእጄ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ከተባረሩት አምስት ልጆች ሦስቱ ተመልሰዋል፣ እርጉዝ የነበረችውም አለችበት።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገብታችኋል? እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ የገቢ ቁጥርና ቀን አለው?