መልስ፦ ሞዴል ለመሆን ለፖርትፎሊዮ (ለኤጀንሲ የሚታይ የፎቶ ስብስብ) 15 ሺህ ብር ክፈይ ላሉሽ

እንዳትከፍዪ። ደህና ኤጀንሲ የሚያገኘው ሥራ ካመጣልሽ በኋላ ከክፍያሽ ላይ ኮሚሽን ቆርጦ ነው።

ለኤጀንሲ ፎቶ ለመላክ ስልክሽ ይበቃል። ሜካፕም ፊልተርም የለም። ጠበብ ያለ ጥቁር ልብስ ልበሽ፣ ፀጉርሽን ሰብስቢ፣ ባዶ ግድግዳ ጋ በመስኮት ብርሃን ተነሺ፦ ፊት ለፊት፣ ጎን፣ ሙሉ ቁመት። ፋሲል ግቢ በሀበሻ ቀሚስ የተነሳሽው ያምራል፣ ግን ለዚህ አይሆንም። ቁመትሽን እንዳትጨምሪ፣ ይለኩሻል። ለውጭ አገር የፋሽን ትርዒት መድረክ ሴቶችን ብዙ ጊዜ ከ175 ሴንቲሜትር በላይ ነው የሚፈልጉት፤ ለማስታወቂያ ግን ያን ያህል አያጠብቁም።

አንድ ነገር፦ እኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ለአንድ ልብስ ቤት ግማሽ ቀን ቆሜ የተከፈለኝ አንድ ቀሚስ ነው። ፎቶዬ ግን ሁለት ዓመት በራቸው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ክፍያው፣ ፎቶው የትና እስከ መቼ እንደሚሠራበት በወረቀት ሳይሰፍር ካሜራ ፊት አትቁሚ።